ቤተሰብ ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር ሠርግ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመጡ እንግዶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ሲቃረብ ደሴ የሚኖር ሰው ስልኩ ዕረፍት ያጣል። ከአዲስ አበባም፣ ከዓረብ አገርም፣ ከአሜሪካም የሚደውለው ዘመድ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነው፤ «ሠርጉ ሐይቅ ዳር ነው አሉ፤ ልጆቹንም እናቴንም ይዤ ልመጣ ነው፤ ምን ላድርግ?» ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው እዚህ አስቀምጫለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። በእኛ አካባቢ የሐይቅ ዳር ሠርግ ሲባል ሐይቁ፣ ማለትም ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ውኃ፣ የቀኑ ጥቂት ሰዓት ነው። ጋብቻው የሚፈጸመው በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካሕ ወይም በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ድግሱም የሚበዛው በቤት ነው። ጉዞውን በውኃው ሳይሆን በቤቱ ዙሪያ ያቀደ ቤተሰብ ብዙም አይደክምም።

ታዲያ ሠርጉ በትክክል የት ነው? ቀኑ እንዴት ይውላል?

በተለመደው አካሄድ የወንዱ ወገን ጠዋት በሙሽራው ቤት ይሰባሰባል። ሚዜዎቹና አጃቢዎቹ መኪና አስጊጠው ወደ ሙሽሪት ቤት ይሄዳሉ። እዚያ የሙሽሪት እኅቶችና ጓደኞች በሩን ይዘው እየዘፈኑ አናሳልፍም ይላሉ፤ ድርድሩ ረጅም ነው፣ ልጆችም የሚወዱት ይህንን ነው። ከዚያ ምሳ ይበላል። ከምሳ በኋላ ሙሽሮቹ ከሚዜዎቻቸውና ከተወሰኑ ቤተ ዘመዶች ጋር ለፎቶግራፍ ወደ ሐይቅ ይወርዳሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ግብዣው በሙሽራው ቤት ወይም በአዳራሽ ይቀጥላል።

ክርስቲያኖቹ በተክሊል የሚጋቡ ከሆነ ቅዳሴው በማለዳ ስለሆነ ቀኑ ከዚያ ይጀምራል። በሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ኒካሑ ከሠርጉ ቀን ቀደም ብሎ ጥቂት ሰዎች ባሉበት ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኒካሑ አመለጠን» ብሎ ማዘን አያስፈልግም፤ የተጠራችሁት ለድግሱ ነው።

አሁን አሁን ምሳውን ጭምር ሐይቁ ዳር ባለ ሎጅ ግቢ የሚያደርጉ ሙሽሮች አሉ። ይህ ከሆነ ጥሪው ላይ ይጻፋል። ካልተጻፈ ሦስት ሰዓቶችን ለይታችሁ ጠይቁ፤ የሥርዓቱን፣ የምሳውንና ወደ ሐይቅ የሚወረድበትን። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ ጥሪው ላይ «6 ሰዓት» ካለ እኩለ ቀን ማለት እንደሆነ ለልጆቹ ንገሯቸው። እኩለ ቀን ተብሎም ምግቡ በ8 ሰዓት ቢቀርብ የሚደነቅ ሰው የለም፤ ለትንንሾቹ ዳቦና ፍራፍሬ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ሐይቅ ከደሴና ከኮምቦልቻ ምን ያህል ይርቃል?

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ጥቂት መሄድ ይቀራል። ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ሌላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል፤ ያም ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ፣ እንደገና መውረድ ማለት ነው። በሰልፍ የሚሄዱ የሠርግ መኪናዎች ደግሞ ከብቻ ተጓዥ ይልቅ በጣም ይዘገያሉ። የሙሽሪት ቤት ኮምቦልቻ፣ የሙሽራው ቤት ደሴ፣ ፎቶግራፉ ሐይቅ ከሆነ ሕፃን የያዘች እናት ሦስቱንም እንድትከተል አልመክርም። ከሦስቱ አንዱ መቅረት ካለበት ሐይቁ ይቅር።

ጥሪው «ከነቤተሰብዎ» ይላል። ስንት ሰው ይዘን እንምጣ?

ባልና ሚስት፣ በቤት ያሉ ልጆች፣ አብረዋችሁ የሚኖሩ እናትና አባት። ከዚያ በላይ ከሆነ መናገር ጥሩ ነው። ድግሱ በቤት ከሆነ አሥር ሰው ቢጨመርም እንጀራ አይጠፋም፤ ደጋሽም ቅር አይለውም። ሎጅ ውስጥ ከሆነ ግን ሒሳቡ በሰው ቁጥር ነው፤ ያልተነገረ እንግዳ የሌላውን ወንበር ይይዛል። «የአክስቴ ልጅም መጥታለች» የሚለውን በዋዜማው ሳይሆን ከሳምንት በፊት ንገሩ።

የትኛው ወቅት ነው የሚሻለው?

ቀኑን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም፤ ነገር ግን የፈቃድ ቀን ለመጠየቅ እንዲረዳችሁ የሠርግ ወቅት እንዴት እንደሚወሰን ማወቅ ይበጃል። ክርስቲያኑ በጾም አያገባም። የነቢያት ጾም በገና ይፈታል፤ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ፣ በተለይ ጥር፣ የሠርግ ወር ነው። ቀጣዩ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሙስሊሙ በረመዳን አይደግስም፤ ከዒድ በኋላ ግን ሠርጉ ይደራረባል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ አንዱ ቤተሰብ የሌላውን ጾም ማየት አለበት፤ ጎረቤቱ፣ አብሮ አደጉ፣ አንዳንዴም የሥጋ ዘመዱ በዚያኛው እምነት ነውና። በ2017 ዓ.ም. እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት። በዚህ የተነሣ ከሁለቱ ጾሞች በፊት ያሉት ቅዳሜና እሑዶች ተጣበቡ። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ ይህ መገጣጠም አይቀጥልም፤ ቀስ በቀስ ወደ ጥር፣ ቀጥሎም ወደ ገና ይጠጋል። ያኔ ጥር ላይ የሚያገባ ክርስቲያን ሙስሊም ጎረቤቶቹን በምሳ ሰዓት መጥራት ሊቸግረው ነው።

የአየሩ ጉዳይ አጭር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅ ነው፤ በልግ ከመጋቢት ጀምሮ ሊዘንብ ይችላል፤ በክረምት ሐይቅ ዳር ድንኳን የሚተክል ሰው ድፍረቱን ያድንቁለት እንጂ ነጭ ጫማ አድርገው አይሂዱ።

ከአዲስ አበባ በመኪና እንምጣ ወይስ በአውሮፕላን?

አዛውንት ወይም ሕፃን ካለ በአውሮፕላን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ስለዚህ ወደ ደሴ የሚያወጣችሁን መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በሠርግ ሰሞን ዘመድ ሁሉ መኪናውን ለሙሽራ ስለሚሰጥ «የሚቀበላችሁ ሰው አለ» የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

በመኪና መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከልጅ ጋር ሙሉ ቀን ያዙለት። ከደብረ ብርሃን በኋላ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረውን ዋሻ ስታልፉ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ልጆች የሚያስመልሳቸው እዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከባድ ቁርስ አታብሏቸው፤ የሠርጉ ልብስ የልጆቹ እጅ ከሚደርስበት ይራቅ። ከሮቢት በኋላ አጣዬ፣ ከሚሴና ሐርቡ ሞቃት ናቸው፤ እዚያ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያስፈልጋል፤ በተለይ ከክረምት መውጫ በኋላ ወባ አለ።

የጸጥታውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በዚህ መስመር ላይ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ምሽትና በማለዳው በመስመሩ ለሚኖር ሰው ደውሉ፤ የመኪና ሾፌሮችን ጠይቁ፤ በሌሊት አትጓዙ። «ሙሽራዋ ትቀየማለች» ተብሎ በማይሆን ቀን የሚወጣ ቤተሰብ መኖር የለበትም። ሙሽራዋም ብትጠየቅ እንዲህ አትልም።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይስ ሐይቅ እንደር?

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጥር ላይ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሌሊቷ ለስላሳ ነው። ደረቱ የሚታፈን፣ ልቡ የሚደክም ወይም ብርድ የማይችል አዛውንት ከመጣ ኮምቦልቻ ይደር። ወጣቱ ደሴ ይሁን፤ የዋዜማው ጭፈራና ዘመድ ጥየቃው እዚያ ነው። ሐይቅ ዳር ማደር ለሙሽሮች ይመቻል፤ ለእንግዳ ግን ከድግሱ ያርቃል፤ ማታም ወደ ደሴ መመላለስ ያስፈልጋል።

ዘመድ «ቤት እያለ ሆቴል?» ማለቱ አይቀርም። በሠርግ ቤት መተኛት የሚባለው ነገር ግን ስም ብቻ ነው፤ ሴቶቹ እስከ ሌሊት ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ጎረምሶቹ ይጨፍራሉ፣ ከንጋቱ በፊት ደግሞ ሙሽራ ማልበስ ይጀመራል። ሆቴል ያዙና ምክንያቱን በሕፃኑ ላይ አድርጉ። ሕፃን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ጥሩ ጠበቃ ነው። ቀን ቀን ግን ከሠርጉ ቤት አትጥፉ።

ምን እንልበስ?

የሐበሻ ቀሚስ የትም ያስከብራል። ሐይቁ ዳር መሬቱ ሣርና ለስላሳ አፈር ስለሆነ ሹል ተረከዝ ይሰምጣል፤ ጠፍጣፋ ጫማ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊነሣ ስለሚችል ነጠላውን የሚይዝ መርፌ ቁልፍ አይጥፋ። ወደ ማታ ደሴ ስትመለሱ ጋቢ ወይም ሹራብ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ላይ ሞቆ ስለነበር መኪና ውስጥ የቀረ ሹራብ ማታ ይናፈቃል። ኒካሕ ወይም ዱዓ ባለበት ቤት ሴቶች ፀጉርና ትከሻ የሚሸፍን ሻሽ ወይም ነጠላ ቢይዙ መልካም ነው፤ እምነታችሁን ማንም አይጠይቃችሁም፤ ቤቱን ማክበራችሁ ግን ይታያል።

የሙስሊምና የክርስቲያን ምግብ እንዴት ነው የሚለየው? ልጆቼ ቢሳሳቱስ?

ከውጭ የመጣ ሰው በወሎ ሠርግ ላይ በጣም የሚጨነቀው በዚህ ነው፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ከልጅነቱ ስለለመደው ለማስረዳት እንኳን አያስበውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ ሰንጋ ወይም በግ ይገዛል፤ የሚያርደው ሙስሊም ነው፣ የሚያበስሉትም ሙስሊም ሴቶች ናቸው፤ ድስቱ፣ ጭልፋውና ሳህኑ ከሙስሊም ቤት ይመጣል። ሙስሊሙ ሲደግስም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ለዚህ የጎረቤት ግቢ ይለቀቃል። ስለዚህ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ድንኳን ወይም የተለየ መደዳ ታያላችሁ። የተጣላ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። ከምሳ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ቡናውም ጭፈራውም የጋራ ነው።

እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ጥቂት ነው። ስትገቡ የሚቀበሏችሁ አስተናጋጆች «ወዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በግልጽ መልሱ። «እኔ ሁሉንም እበላለሁ» ማለት ትሕትና መስሏችሁ ከሆነ አትበሉት፤ አስተናጋጁን የት እንደሚያስቀምጣችሁ ያስጨንቀዋል። ከአንዱ ወገን ሳህን አንሥታችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ጭልፋ አታዋውሱ። ጉርሻም ቢሆን በየወገኑ ነው። ልጆች ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው መሮጣቸው አይቀርም፤ ሥጋ በእጃቸው ይዘው እንዳይሻገሩ ብቻ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ተሳስተው ቢበሉ አንዲት እናት ስቃ ታልፈዋለች፤ ነገሩን ትልቅ የሚያደርገው የወላጅ መደናገጥ ነው።

ሠርጉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም ጾመኛ ካለ፣ የጾም ምግብ ለብቻው አለ። ሐይቅ ዳር የሚበላ ከሆነ ዓሣ ትጠብቃላችሁ፤ ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ አለ፤ ጥብሱንም ብዙ ሰው ይወደዋል። የሠርግ ማዕድ ንጉሥ ግን ዛሬም ዶሮ ወጥና ቁርጥ ነው። መጠጡም እንደ ምግቡ ነው፤ በአንዱ በኩል ጠላና ጠጅ፣ በሌላው ብርዝ፣ ቀሪቦና ለስላሳ። ብርዝና ቀሪቦ አያሰክሩም፤ ለልጆችም ይሰጣሉ። ከየትኛው እንስራ እንደተቀዳ ጠይቃችሁ ለልጅ ስጡ፤ ጠጅና ብርዝ በብርጭቆ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው።

ሽማግሌዎች ሲመርቁ ወይም ዱዓ ሲያደርጉ ስልክ ይቀመጥ፣ እጅ ይዘርጋ፣ አሜን ወይም አሚን ይባል። ሁለቱም ወገን አብሮ ነው የሚቀበለው።

ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ይዋኙ?

አይዋኙ። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር የሚጠልቅ ነው፤ ዳሩ ላይ ሆኖ ሲታይ ግን ጠለል ያለ ኩሬ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል። ሁለተኛው ምክንያት ብልሃርዝያ ነው። በሽታው በሐይቅ አካባቢ አለ፤ ትሉ የሚገባው ዳር ዳሩን፣ ሣር ባለበት፣ እግር ነክሮ ሲጫወቱ በቆዳ በኩል ነው። ስለዚህ «ትንሽ እግራቸውን ብቻ» የሚለውም አይሠራም። ገብተው ከነበረ ስትመለሱ ለሐኪም ንገሩ፤ ምርመራው ቀላል ነው፣ መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል የሚባል የታወቀ ክኒን ነው። ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ስለሚመጣ ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ያገሩ ሐኪም እንዳይስተው ሐይቅ መግባታቸውን ያስታውሱት።

በጀልባ መሄድ ይቻላል፤ የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ ካለ ብቻ። የሙሽራ ጀልባ ላይ ሃያ ሰው ሲጫን ካያችሁ እናንተ ዳር ላይ ሆናችሁ እልል በሉ። ከሁሉ በላይ በጭፈራ ሰዓት ልጆችን የሚጠብቅ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። «ሁላችንም እናያቸዋለን» ከተባለ ማንም አያያቸውም።

ገዳሙን መጎብኘት እንችላለን?

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሐይቁ ውስጥ ገባ ባለው መሬት ላይ ነው፤ ቀድሞ ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስመ ጥር የትምህርት ቦታ ነው፤ ለአባ ኢየሱስ ሞዐ ተብሎ የተጻፈው ወንጌል በአገራችን ዘመናቸው በግልጽ ከሚታወቁት ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው።

ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ይህ ለሠርግ ቡድን ትልቅ ነገር ነው፤ ሙሽሪትም አትገባም ማለት ነው። ስለዚህ ገዳሙን ከሠርጉ ቀን ጋር አታቀላቅሉት። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ሂዱ፤ ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹና ሴት ልጆቹ የት እንደሚቆዩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ነጠላ ይለበስ፣ ጫማ ይውለቅ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ይጠየቅ። የሠርግ ሙዚቃ እያስጮኹ በገዳሙ በር ማለፍም ደግ አይደለም።

ስጦታ ምን ይሁን?

ገንዘብ በፖስታ። ከሩቅ አገር ዕቃ ተሸክሞ መምጣት ለእናንተም ለሙሽሮቹም ሸክም ነው። ፖስታው ላይ ስማችሁንና የማን ዘመድ እንደሆናችሁ ጻፉ፤ ስሙ በመዝገብ ይያዛል፣ ነገ በእናንተ ቤት ሲደገስ ይመለሳል። በቴሌብር ወይም በባንክ መላክም የተለመደ ሆኗል፤ ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ግን ጥሬ ብር ያዙ። መጠኑን ከእናንተ ጋር እኩል የሚዘመደውን ሰው ጠይቁና ከእርሱ ጋር ተስተካከሉ፤ አብልጦ ማሳፈር አለ፤ አሳንሶ ማፈርም አለ።

በመኪና ሰልፉ ውስጥ ስንነዳ ምን እንወቅ?

ከሙሽራው መኪና አትቅደሙ፤ መስኮት ላይ ልጅ አታስወጡ። መንገድ ላይ የለቅሶ ድንኳን ካለ ክላክሱ ይቆማል፣ ሙዚቃው ይዘጋል፣ ቀስ ብሎ ይታለፋል። ዓርብ ከሆነ በጁምዓ ሰዓት መስጊድ አጠገብም እንዲሁ ነው። ከፊት ያለው መኪና ድንገት ዝም ካለ ምክንያቱን ሳትጠይቁ እናንተም ዝም በሉ። ደግሞም ከሐይቅ መመለስ ያለባችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ሙሽሮቹ «አንድ ፎቶ ቀረን» እያሉ ቢያመሹ ልጅ የያዘው መኪና ቀድሞ ይውጣ።

ድሮን ይዘን ብንመጣስ?

አታምጡ። ያለ ፈቃድ ማስነሣት ክልክል ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር እዚህ አገር የሚያስታውሰው ሠርግን አይደለም።

ሠርጉ እውነተኛ ባሕር ዳር፣ ጅቡቲ ቢሆንስ?

ይህም ይጠየቃል፤ ጅቡቲ የሚሠሩና እዚያ የሚጋቡ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች አሉና። ከኮምቦልቻ መንገዱ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ እዚያ ከአዋሽ ከሚመጣው የጭነት መኪናዎች መንገድ ጋር ተገናኝቶ በጋላፊ ድንበር ይሻገራል። ከወይና ደጋ ወደ በረሃ በአንድ ቀን መውረድ ነው፤ ለትንሽ ልጅና ለአዛውንት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መሄድ ይሻላል።

ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ የቪዛውን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ አየሩ ይቻላል። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ ቀን በባሕር ዳር የሚደረግ ሠርግ አይኖርም፤ ሁሉም ነገር ከመሸ በኋላ ነው። የሥራ ዕረፍታቸው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ የእኛን እሑድ አትጠብቁ። ገንዘባቸው የጅቡቲ ፍራንክ ሲሆን ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የተሳሰረ ነው፤ 1 ዶላር 178 ፍራንክ ገደማ ነው። የውኃው ጨዋማነት፣ ማዕበሉና ፀሐዩ ሐይቅን ለሚያውቅ ልጅ አዲስ ነገር ነውና ያለ አዋቂ አይግባ።

አንድ ትርፍ ቀን አለን፤ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ የግብር አዳራሽ አለ፤ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ለዋለ ልጅ «የድሮ ንጉሥ ድግስ የሚያበላው እዚህ ነበር» ብሎ ማሳየት ይቀላል። ቀኑ ሰኞ ከሆነና መንገዱ ሰላም ከሆነ የባቲ ገበያ ከኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገበያይበት ሰፊ ገበያ ነው። ግመል ያላየ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አይጠይቅም።

መልሱ ላይ ሳንገኝ ብንሄድ ቅያሜ ይኖራል?

በሥራና በትምህርት ምክንያት ከሆነ አይኖርም፤ ሳይነግሩ መሄድ ግን ያስቀይማል። መልስ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን በሙሽሪት ወላጆች ቤት ነው፤ ከሠርጉ ቀን ይልቅ ሰው ያነሰበት፣ ሙሽሮቹን ቁጭ ብሎ ማነጋገር የሚቻልበት ነው። ከሠርጉና ከመልሱ አንዱን ብቻ መገኘት የሚችል የቅርብ ዘመድ ካለ፣ በተለይ አዛውንት ይዞ ከሆነ፣ እኔ መልሱን እመርጥለታለሁ። የምትሄዱ ከሆነ የሙሽሪትን እናት በዋዜማው ተሰናበቷቸው፤ ለመንገድ የሚቋጥሩላችሁን ድፎ ዳቦ «አንፈልግም» እንዳትሉ፤ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ተዉለት።